«ኒሳን ሊከስር ነው ይሉኛል፤ ሮግ ልግዛ ወይስ ሲአር-ቪ?»

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለሥራ ደርሶ መልስ በቀን ወደ 60 ማይል እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሁዱ ሲጨመር በዓመት 18,000 ማይል ገደማ ይሆናል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴም አብረውኝ ይኖራሉ። ስለዚህ ለመግባት ለመውጣት የሚመች፣ ለማቆም የማያስቸግር አነስተኛ ኤስዩቪ እፈልጋለሁ። ሁለት መኪና አይቻለሁ፦ 41,000 ማይል የሄደ የ2022 ኒሳን ሮግ በ19,500 ዶላር፣ እና 38,000 ማይል የሄደ የ2023 ሆንዳ ሲአር-ቪ ሃይብሪድ በ27,500 ዶላር። የባለቤቴ ወንድም «ኒሳን እየከሰረ ነው፣ ነገ ዕቃውም ዋስትናውም የለም» ይለኛል። የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ «ሆንዳ ስለገዛው አሁን አንድ ናቸው፣ ርካሹን ግዢ» ትለኛለች። የማንን ልስማ? ወደፊት አገር ቤት ይዤው ልገባስ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፤ ሁለቱም መካሪዎችዎ የሰሙት አንድ ዜና ነው፤ መጨረሻውን ግን አልሰሙም። ሆንዳና ኒሳን ለመዋሃድ የመግባቢያ ሰነድ የተፈራረሙት ዲሴምበር 23 ቀን 2024 ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025፣ ንግግሩ ፈረሰ። ሆንዳ ኒሳንን በሥሩ የሚያስተዳድረው ኩባንያ እንዲሆን ጠየቀ፣ ኒሳን አልተስማማም። ስለዚህ ሆንዳ ኒሳንን አልገዛውም። ቢገዛውም ኖሮ በ2022 ከፋብሪካ የወጣ ሮግ የሆንዳ ሞተር አይገባለትም። ጓደኛዎ የሳተችው እዚህ ላይ ነው።

የባለቤትዎ ወንድም ስጋት ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ኒሳን ማርች 2025 ላይ በተዘጋው የበጀት ዓመት 670 ቢሊዮን የን ገደማ ከስሯል። በሜይ ወር ደግሞ 20,000 ሠራተኞችን እንደሚቀንስና ፋብሪካዎቹን ከ17 ወደ 10 እንደሚያወርድ አስታውቋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ኩባንያ ሲቸገር መኪናው ሜዳ ላይ ይቀራል ማለት አይደለም፤ ያለፉት ዓመታትም ይህን በደንብ ያሳያሉ። በ2009 ክራይስለርና ጄኔራል ሞተርስ ኪሳራ አስመዝግበው ፍርድ ቤት ሲገቡ የአሜሪካ መንግሥት ለመኪኖቻቸው ዋስትና ተያዥ ሆነ፤ ሰው መኪናውን እያሠራ ቀጠለ። ሱዙኪም በ2012 መኪና መሸጥ አቁሞ ከአሜሪካ ገበያ ሲወጣ የሸጣቸውን መኪኖች ዋስትና አክብሯል። የስዊድኑ መኪና አምራች የሳብ ጉዳይ ለየት ይላል፤ በ2011 መጨረሻ ሲከስር ጄኔራል ሞተርስ ባለቤቱ በነበረበት ጊዜ የተሸጡት መኪኖች ዋስትናቸው ሲጠበቅላቸው፣ ከዚያ በኋላ የገዙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጁን 2024 ላይ የከሰረው ፊስከር ነው። ኦሽን የተባለውን ኤሌክትሪክ ኤስዩቪ የገዙ ሰዎች መለዋወጫውም፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውም፣ ዋስትናውም ባንድ ጊዜ ጥያቄ ውስጥ ገባባቸው።

ልዩነቱን ያመጣው መንገድ ላይ ያለው መኪና ብዛት ነው። የፊስከር መኪኖች ጥቂት ሺዎች ስለነበሩ ሌላ አምራች ዕቃ ሊሠራላቸው አያዋጣውም። ሮግ ግን በአሜሪካ የኒሳን ዋነኛ መኪና ነው፤ ቴነሲ ውስጥ ስሚርና ላይ ይሠራል፤ የፍሬን ሸራውን፣ ፊልትሮውን፣ የጎማ ኩሽኔታውን ከኒሳን ውጭ ብዙ ፋብሪካ ያወጣዋል። ስለዚህ በዕቃ በኩል አይስጉ። የኒሳን ችግር እርስዎን የሚነካው በሌላ መንገድ ነው፦ ስሙ ሲጎዳ ያገለገለ መኪናው ዋጋ ይወርዳል። ሲገዙ ይጠቅምዎታል፣ ሲሸጡ ይቆርጥብዎታል።

መዋሃድና መጣመር መኪና ገዢን በእርግጥ የሚነካው ከኮፈኑ ሥር ነው። ኩባንያዎች የሚጋቡት በአብዛኛው ሻንሲ፣ ሞተርና ካምቢዮ ተጋርተው ወጪ ለመቀነስ ስለሆነ፣ ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ ይለወጣል። ጂፕ ኮምፓስ ይህን በደንብ ያሳያል። በ2007 ሞዴል የወጣው የመጀመሪያው ኮምፓስ የተሠራው ክራይስለር ከጀርመኑ ዳይምለር ጋር በነበረበት ዘመን ነው። ሻንሲው ከሚትሱቢሺ ጋር የተነደፈ፣ ሞተሩ ክራይስለር፣ ሚትሱቢሺና ህዩንዳይ በጋራ ካወጡት ቤተሰብ፣ ሲቪቲ የሚባለው (ማርሽ ሳይቆጥር በመዘውርና በቺንጋ የሚሠራው) ካምቢዮው ደግሞ ኒሳን ከሚቆጣጠረው ከጃትኮ ነበር። ዳይምለር በ2007 ክራይስለርን ለቀቀ፣ በ2009 ፊያት ገባ፣ በ2017 ሞዴል የመጣው ሁለተኛው ኮምፓስም በፊያት ሻንሲ ላይ ቆመ። 2.4 ሊትር ታይገርሻርክ ሞተሩ ዘይት አብዝቶ በመብላት ባለቤቶቹን አስመርሮ እስከ ፍርድ ቤት አድርሷል። ጃንዋሪ 2021 ፊያት ክራይስለርና የፈረንሳዩ የፔጆ ቡድን ተዋህደው ስቴላንቲስ ሆኑ፤ ከ2023 ሞዴል ጀምሮ ያ ሞተር በ2.0 ሊትር ቱርቦ ተተካ። የ2019 ኮምፓስ የገዛና የ2024 የገዛ ሰው ስለ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ነው የሚያወሩት። «ጂፕ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» የሚለው ክርክር የትም አያደርስም፤ የየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ሞተር ጋር ብሎ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ያንኑ ጥያቄ ወደ ሮግዎ እናምጣው። ከሮግ መልክ በስተጀርባም ጥምረት አለ፤ ኒሳን ከ1999 ጀምሮ ከሬኖ ጋር፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከሚትሱቢሺ ጋር የተሳሰረ ነው። በዚህ ምክንያት በ2022 ሞዴል የወጣው ሚትሱቢሺ አውትላንደር በሮግ ሻንሲ ላይ የቆመና ቱርቦ የሌለው የኒሳን 2.5 ሊትር ሞተር የተገጠመለት ነበር። የ2021 ሮግም አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው በዚሁ 2.5 ሞተር ነበር። እርስዎ ያዩት የ2022ቱ ግን 1.5 ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ቪሲ-ቱርቦ የሚባለው ሞተር ያለው ነው። ይህ ሞተር የፒስተኑን ከፍታ በተጨማሪ ማያያዣ ክንዶች እየለወጠ የመጭመቂያ ምጥጥኑን ከ8 ለ 1 እስከ 14 ለ 1 ያቀያይራል። ጉልበቱም ቤንዚን ቁጠባውም ጥሩ ነው። ጣጣው እነዚያ ክንዶች በተራ ሞተር ውስጥ የሌሉ ተጨማሪ ኩሽኔታዎች ማስፈለጋቸው ነው። በ2025 ኒሳን በቪሲ-ቱርቦ ሞተር ኩሽኔታ ጉዳት ምክንያት እስከ 2024 ሞዴል ያሉ ሮጎችን ጨምሮ ከ400,000 በላይ መኪኖችን ለሪኮል፣ ማለትም ለነፃ ጥገና፣ ጠርቷል። ኩሽኔታው ሲበላ የብረት ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ሞተሩ መምታት ይጀምራል፣ ከባሰም መንገድ ላይ ይቆማል። ዲለሩ የብልሽት ኮዶችንና የዘይት ገንዳውን ይመረምራል፤ ብረት ከተገኘ ሞተሩ ይቀየራል። ካምቢዮውም በሁለት መዘውሮች መካከል የብረት ቺንጋ የሚሽከረከርበት ሲቪቲ ነው። ከ2014 እስከ 2018 በነበሩት ሮጎች ላይ ይህ ዓይነቱ ካምቢዮ ብዙ ቅሬታ ስላስነሳ ኒሳን ዋስትናውን እስከ 84,000 ማይል ለማራዘም ተገዷል። የአሁኑ ከዚያኛው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ዘይቱ ሳይቀየር 100,000 ማይል እንዲሄድ የሚመኙለት ካምቢዮ አይደለም። ኤንኤስ-3 የሚባለውን ትክክለኛ ዘይት በየ30,000 እስከ 40,000 ማይሉ መቀየር ይገባል።

ሲአር-ቪ ሃይብሪዱ ውስጥ ቱርቦም የለም፣ የብረት ቺንጋም የለም። 2.0 ሊትር ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ጀነሬተር ያሽከረክራል፣ መኪናውን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ አውራ ጎዳና ላይ ሲገቡ ብቻ ሞተሩ በፍሪሲዮን በቀጥታ ከጎማ ጋር ይያያዛል። የሚያልቅ ዕቃው ያነሰ ነው። ይህን የምንለው ለሃይብሪዱ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። 1.5 ቱርቦው ሲአር-ቪ፣ በተለይ የ2017 እና 2018ቱ፣ በብርድ አካባቢ አጭር አጭር ጉዞ ሲነዳ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልበት ስለነበር ሆንዳ ዋስትናውን አራዝሞለታል። ሃይብሪዱም ሪኮል አላመለጠም፤ ከ2023 እስከ 2025 ያሉት ሲአር-ቪዎች መሪያቸው በፍጥነት መንገድ ላይ መሃል ላይ ይዞ የመቆየት ችግር ስላለበት በ2024 ተጠርተዋል። ጥገናው የመሪ ማርሹን ስፕሪንግ መቀየርና ግራሶ መጨመር ነው፣ ነፃ ነው። የሚገዙት መኪና ላይ መሠራቱን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ።

ብዙ ሰው ሃይብሪድ የሚገዛው «ልዩነቱን በቤንዚን ይመልሰዋል» ብሎ ነው። በእርስዎ ሁኔታ አይመልሰውም። ሁለቱም ባለ ፊት ጎማ ጉልበት ከሆኑ ሮጉ በአማካይ በጋሎን 33 ማይል፣ ሲአር-ቪ ሃይብሪዱ ደግሞ 40 ማይል ይሄዳል። 18,000 ማይል ለ33 ሲካፈል 545 ጋሎን፣ ለ40 ሲካፈል 450 ጋሎን ነው። 95 ጋሎን በ3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ቢሰላ በዓመት 304 ዶላር ይሆናል። የ8,000 ዶላሩን ልዩነት በዚህ ለመመለስ 26 ዓመት ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ የቨርጂኒያ የሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ስለሆነ በ8,000ው ላይ 332 ዶላር ይጨመራል፤ በየዓመቱ ለከተማዋ የሚከፍሉት የመኪና ግብርም በመኪናው ዋጋ ልክ ነው የሚመጣው።

ሚዛኑን የሚገለብጠው ዋስትናው ነው። የሁለቱም ኩባንያ የሞተርና ካምቢዮ ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው ያበቃል። እርስዎ በዓመት 18,000 ማይል ስለሚነዱ 41,000 ላይ ያለው ሮግ 60,000 የሚሞላው በ13 ወር ነው። ከዚያ ወዲያ ኩሽኔታው ቢበላ የሞተር ቅያሪው በርካሽ በመግዛት ያተረፉትን በአንድ ጊዜ ይበላዋል። በብድር የተገዛ መኪና ደግሞ ቆሞም ወርሃዊ ክፍያው አይቆምም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ከሁለቱም መካከል ያለ ሦስተኛ መኪና ነው፦ የ2021 ወይም የ2022 ሲአር-ቪ ሃይብሪድ። ሞተሩ ያው 2.0 ሊትር ነው፣ በአራቱም ጎማ የሚሄድ ሆኖ በጋሎን 38 ማይል ይሰጣል፣ የመሪው ሪኮልም አይመለከተውም። ዋጋው አሁን ባዩዋቸው በሁለቱ መካከል ይወድቃል። በሆንዳ ዲለር «ሰርቲፋይድ» ተብሎ፣ ማለትም ተመርምሮ ከኩባንያው ዋስትና ጋር የሚሸጠውን ይፈልጉ፤ የሞተርና ካምቢዮ ዋስትናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ወደ 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ይራዘማል። በዚያው ዋጋ ቶዮታ ራቭ4 ሃይብሪድ ካገኙም ጥሩ ነው፤ ከ2019 እስከ 2021 ባሉት ላይ ግን ወደ ኋላው ኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄደው ከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ መገናኛው በመንገድ ጨው ሊዝግ ይችላል። መኪናው ሊፍት ላይ ተነሥቶ ያ መገናኛ ሳይታይ አይፈርሙ። የራቭ4 ሌላው ቀላል ፍተሻ የኋላ ወንበሩ ሥር ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ ፊልትሮ ነው፦ ሽፋኑ በእጅ ይወጣል፣ በብስኩት ፍርፋሪና በፀጉር ከታፈነ የቀድሞው ባለቤት ለባትሪው እንዳልተጠነቀቀ ያሳያል።

ገንዘቡ ከ20,000 ዶላር የማያልፍ ከሆነና ሮጉ ግድ ከሆነ፣ ይግዙት፤ ግን በኒሳን ሰርቲፋይድ የሆነውን ብቻ። እስከ 100,000 ማይል የሚሸፍነው ዋስትና ለእርስዎ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ይሆናል። ሪኮሉ የተሠራለት መሆን አለበት፣ እርስዎም 90,000 ማይል ሲደርስ ለመሸጥ ከአሁኑ ያቅዱ። የ2021 ሮግ ባለ 2.5 ሞተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ከ2022ቱ እሱን እንመርጣለን። ህዩንዳይ ቱሳን ወይም ኪያ ስፖርቴጅ የሚያቀርብልዎ ሻጭ «10 ዓመት፣ 100,000 ማይል» ብሎ ቢነግርዎ፣ ያ ረጅም ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ መሆኑን ይወቁ፤ ሰርቲፋይድ ካልሆነ ለሁለተኛው ባለቤት 5 ዓመትና 60,000 ማይል ብቻ ነው የሚተርፈው። ህዩንዳይና ኪያ ለዓመታት አንድ ቤት ስለሆኑ ይህ ለሁለቱም ይሠራል። በቁልፍ ተዙሮ የሚነሣ የድሮ ሞዴላቸውን ደግሞ ይለፉት፤ የስርቆት መከላከያ ስለሌለው አንዳንድ ኢንሹራንሶች እስከ አለመቀበል ደርሰዋል።

ሊያዩ ሲሄዱ ለዲለሩ «ሞተሩን አታስነሡት» ብለው ቀድመው ይደውሉ። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያድርጉ፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ፣ አንዳንድ የሞተር ችግር ድምፁ የሚሰማው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነውና። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በነጭ ሶፍት ይጥረጉት፦ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለው፣ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ ያ መኪና ይቅርብዎ። ከዚያ አስነሥተው ሁለት ደቂቃ በጸጥታ ያዳምጡ፤ ሬዲዮውም ማራገቢያውም ይጥፋ። ሲነዱ ከ20 እስከ 40 ማይል ያለውን ፍጥነት ጋዙን በቀስታ እየረገጡ ይሂዱበት፤ ሲቪቲ ሲታመም እዚህ ላይ ነው የሚንቀጠቀጠው። አውራ ጎዳና ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነድተው፣ ካምቢዮው ሲግል፣ ዳገት ላይ ቆመው በኋላ ማርሽ ይሞክሩት።

በዳሽቦርዱ በስተግራ ከፊት መስተዋቱ ሥር ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የመኪናውን መለያ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። አሥረኛው ፊደል ኤም ከሆነ የ2021፣ ኤን ከሆነ የ2022፣ ፒ ከሆነ የ2023 ሞዴል ነው፤ ሻጩ ከተናገረው ጋር ያመሳክሩት። ያንኑ ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቢያስገቡ ያልተሠራ ሪኮል ካለ በነፃ ይነግርዎታል። ከዚያ በኋላ ከሻጩ ጋር ግንኙነት ለሌለው ጋራዥ ጥቂት ገንዘብ ከፍለው ያስመርምሩት፤ ዲለሩ ለምርመራ አላስወጣም ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል።

እናትዎን ይዘው ይሂዱ። ከፊት ወንበር ሲወጡ ሁለቱም እግራቸው መሬት ረግጦ፣ እጃቸውን ሳይደግፉ መነሣት ከቻሉ ቁመቱ ልክ ነው። ተንጠልጥለው ከወረዱ ወይም ከተቀመጡበት ለመነሣት ከታገሉ ለጉልበታቸው አይሆንም፤ ይህን በወረቀት ላይ ያለ ልኬት አይነግርዎትም። የልጆቹን መቀመጫም እዚያው ያስገቡና የኋላውን በር ዘግተው ይሞክሩ።

ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ ወርሃዊ ክፍያውን ሳይሆን ሁሉ ነገር ተጨምሮ ከበሩ የሚወጡበትን ጠቅላላ ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የዲለሮች የማስፈጸሚያ ክፍያ ወደ 1,000 ዶላር ሊጠጋ ይችላል፤ ክፍያውን ባይቀንሱም ከመኪናው ዋጋ ላይ እንዲቀንሱልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ብድሩን ከክሬዲት ዩኒየን አስፈቅደው ይሂዱ፣ ዲለሩ ካሸነፈው ጥሩ። ከፈረሙ በኋላ «በሦስት ቀን እመልሳለሁ» የሚባል መብት የመኪና ዲለር ላይ የለም፤ ብዙ ወገኖቻችን አለ ብለው ያምናሉና ይጠንቀቁ።

አገር ቤት ስለመውሰዱ፦ ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፣ ስለዚህ ይህን በሂሳብዎ ውስጥ አያስገቡት። መኪናውን ለአሌክሳንድሪያ መንገድ ይምረጡት፣ ለመሸጥ ሲያስቡም እዚያው ይሽጡት።